በመቀመጫ የተወረደ ተራራ

እኛ የሐይቅ ሰዎች አምባሰልን ከመውጣት ማንጎራጎር ይቀናናል። አይፈረድብንም፤ ዜማው ቁጭ ተብሎ ይዜማል፣ ተራራው ግን ጉልበት ይጠይቃል። እኔ ራሴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ ብዬ ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ተራራ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስወጣው ኖሬአለሁ። እናንተስ ብትሆኑ፣ ከደጃችሁ የሚታየውን ተራራ መቼ ወጣችሁት? «አንድ ቀን እንወጣዋለን» ትላላችሁ። ያቺ አንድ ቀን የምትመጣው ደግሞ አብሯችሁ የሚወጣው ሰው ሊሄድ ሻንጣውን ሲያስር ነው።

የእኛ ተጓዥ ሰይድ ነበር፤ አብሮ አደጋችን። ዐረብ አገር ስድስት ዓመት ቆይቶ ለዕረፍት መጥቶ ነው፣ ሐሙስ ተመላሽ ነው። ሥራው የረጃጅም ፎቆችን መስታወት በገመድ ተንጠልጥሎ ከውጭ ማጠብ ነው። ደመና ከእግሩ በታች የሚታይበት ፎቶ ልኮልን ስለሚያውቅ በሰፈሩ ከፍታ ማለት ሰይድ ነው። ሦስተኛችን ጌታቸው ይባላል፤ በምህንድስና ተመርቆ ባጃጅ ይነዳል። እሑድ ማለዳ በወልድያ መንገድ ሚኒባስ ይዘን ሄድንና ከተራራው ግርጌ ወርደን መውጣት ጀመርን።

ሽቅብ ያለውን ባልናገረው ደስ ይለኛል። እኔ በየድንጋዩ እየተቀመጥኩ ስለ መልክዓ ምድሩ ማብራሪያ እሰጣለሁ፤ ማብራሪያው ትንፋሽ መሰብሰቢያ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ሰይድ ዓይኑን ከድንጋዩ ሳያነሳ ቀድሞን ይወጣል። ረፋዱ ላይ ከጫፉ ደረስን። ሜዳው፣ መንገዱ፣ የቤቶቹ ቆርቆሮ ሁሉ ከታች ተዘርግቷል።

ጌታቸው ስልኩን አወጣ። «ሰይዶ፣ ጠጋ በል፤ ገደሉ ይግባልን» አለው።

ሰይድ ጠጋ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ታች አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ ከዚያም በሆዱ ተኛና ሣሩን በሁለት እጁ ጨበጠ።

ሳቅሁ። ይህን የምጽፈው የራሴ ጥፋት ስለሆነ ነው። የሚቀልድ መስሎኝ እኔም ስልኬን አወጣሁ። ፊቱን ሳየው ግን ላቡ ይንቆረቆራል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

«መነሳት አልችልም» አለ። «ወላሂ አልችልም። እናንተ ሂዱ።»

ወዴት እንሂድ? አባበልነው፣ ውሃ አጠጣነው፣ ብብቱን ይዘን ልናነሳው ሞከርን፤ በያዝነው ቁጥር ሣሩን አጥብቆ ይይዛል። አንድ ሰዓት ሄደ። ሁለተኛውም ተከተለ። ጌታቸው ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ሲገባ እንደሚያደርገው ዙሪያውን ይዞራል፤ የሚገፋ ግን አልተገኘም።

በኋላ ከአምባው ላይ ካሉት ቤቶች አንዲት እናት እህል ተሸክመው ወደ ወፍጮ ሲወርዱ ደረሱብን። እትዬ ዘሀራ ይባላሉ። ሰይድን አዩት፣ እኛን አዩን፤ ከእሱና ከእኛ የባሰው ማን እንደሆነ ሳይለዩ አልቀሩም። ጌታቸውን «ይቺን ያዝ» ብለው እህሉን አሸከሙትና ሰይድ አጠገብ ተቀመጡ።

«አብሽር ልጄ። ገደሉን ማን እይ አለህ? ቁጭ በልና የእኔን ተረከዝ እይ። ተረከዜ ሲሄድ አንተም በመቀመጫህ ሳብ በል።»

እንዲህ ወረድን። እሳቸው ከፊት ቀስ እያሉ፣ ሰይድ ቁጭ ብሎ እየተንፏቀቀ፣ እኔ ከኋላ የሸሚዙን ኮሌታ ይዤ። ሱሪው ተቀደደ፣ መዳፉ ደማ።

ከግማሽ በታች መንገዱ ሲሰፋ እትዬ ዘሀራ ዞር ሳይሉ ጠየቁት። «ሥራህ ምንድነው?»

«የፎቅ መስታወት አጥባለሁ። ከውጭ፣ በገመድ።»

ትንሽ ሄዱና «እዚያስ የማንን ተረከዝ ታያለህ?» አሉ።

«መስታወቱን ነው የማየው» አለ ሰይድ። «ወደ ታች አላይም ነበር። ከዚያ አጠገቤ የሚሠራው ልጅ ወደቀ። አየሁ።»

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ የሸሚዙን ኮሌታ አጥብቄ ያዝኩ። እትዬ ዘሀራም «ያ ረቢ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከታች ስንደርስ እህላቸውን ከጌታቸው ተቀብለው፣ የሰይድን ራስ በመዳፋቸው ነክተው ወፍጮ ወረፋቸውን ሊይዙ ሄዱ።

ሻይ ቤት ገባን። ሰይድ የደማ እጁን ታጥቦ «ለእናቴ እንዳትነግሩብኝ» አለን።

«አትሂድ» አልኩት። «እንዲህ ሆነህ በገመድ አትንጠለጠልም።»

«እሺ፣ ቀረሁ። ምን ልሥራ?»

በቁጣ አልነበረም የጠየቀን። በእርግጥ ሊሰማን ፈልጎ፣ ሻዩን ትቶ፣ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ጌታቸውን አየ። እኔ ልጆችን ለፈተና የማዘጋጅ ሰው ነኝ፤ መልስ አልጠፋብኝም ነበር። ስለ ዓሣው፣ ስለ አትክልቱ፣ ስለ መደራጀት የሚባለው ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ጌታቸው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። መሐንዲሱ ጌታቸው ስኳሩን ያማስላል፣ ያማስላል፣ ቀና አይልም። ተነስቼ የሻዩን ሒሳብ ከፈልኩ።

ሐሙስ ማለዳ ሸኘነው። እናቱ አለቀሱ፤ እሱ እየሳቀ «ኢንሻአላህ» እያለ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ፣ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ መሐል ወንበር ላይ ተቀመጠ። መኪናው ወደ ደሴ ታጠፈ።

ጌታቸው ወደ ባጃጁ እየተመለሰ «እንዲቀር ለምነነው ነበር እኮ» አለኝ።

«አልለመንነውም» አልኩት። «ምን ልሥራ ብሎ ጠየቀን።»

ተሳፋሪ ጠራውና ባጃጁን አስነስቶ ሄደ። እኔም ክፍል ነበረኝ።