የብረታ ብረት ሱቁ ግድግዳና የዶክተር ፔትል ሽሮፕ ጉዳይ

የሚሌት ፎርክ ከተማ የታሪካዊ ሕንፃዎች ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ
ቀን፦ ማክሰኞ ማርች 12 ቀን 2019፣ ከቀኑ 10፡15
ቦታ፦ ካንሳስ፣ የቀድሞው ባንክ ፎቅ፣ ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ከተቀመጠው ባልዲ በስተግራ

የተገኙ፦
ወ/ሮ ቨርና ቶለፍሰን፣ ሰብሳቢ
አቶ ድዋይት ክሬብስ፣ ፀጉር አስተካካይ
አቶ ኦርቪል ስታምፐር፣ የብረታ ብረት ሱቁ ባለቤት
አቶ ኤልመር ሊንድኲስት፣ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ (ተኝተዋል)
ኮልቢ ሃስኬት፣ ድምፅ የማይሰጥ ጸሐፊ፣ የትምህርት ቤቱን የበጎ ፈቃድ ሰዓት ለማሟላት የተመደበ

ምልዓተ ጉባኤ፦ ሦስት ሰው ያስፈልጋል። አቶ ስታምፐር የራሳቸው ጉዳይ ስለሚታይ አይቆጠሩም፤ የተኛ ሰው ግን ይቆጠራል ተብሎ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ በሱቁ የጎን ግድግዳ ላይ ያለው የደበዘዘ ማስታወቂያ፣ «የዶክተር ፔትል ሽሮፕ፤ ለፈረስ፣ ለአማትና ለሰባኪ»

አቶ ስታምፐር ግድግዳውን አጥበው ነጭ መቀባት እንደሚፈልጉ ገለጹ። ሰብሳቢዋ ማስታወቂያው ከጥቂት ዓመታት በፊት የላዩ ቀለም ረግፎ ብቅ ያለ የ1911 ቅርስ መሆኑን አስረድተው፣ «አያቴ ዘጠና ሁለት ዓመት የኖሩት በዚህ ሽሮፕ ነው» አሉ። አቶ ክሬብስ፣ «የኔ አያት ደግሞ የሞቱት በሱ ነው! ካሳ ይገባናል» አሉ። አቶ ስታምፐር፣ «ያንተን አያት የገጨው ባቡር ነው» ቢሏቸው፣ «ሽሮፑን ባይጠጡ ባቡሩን ያዩት ነበር» በማለት መልሰዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ግድግዳው እንዳይታጠብ፣ የነሐስ ሰሌዳም እንዲለጠፍበት ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የሰሌዳው ጽሑፍ

ሰብሳቢዋ፣ «ጻፍ ልጄ፤ 1911፣ ሠዓሊው ያልታወቀ» አሉ። ጸሐፊው አልጻፈም። «ምነው፣ እስክሪብቶህ አለቀ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሠዓሊው እንደሚታወቅ ገለጸ። ማስታወቂያውን በጁላይ 2016፣ ሱቁ በሚዘጋባቸው ሦስት እሑዶች፣ ለቀልድ የሣለው ባለፈው ኖቬምበር የሞተው ወንድሙ ሩበን መሆኑን፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ እንዳስረጀው፣ ዶክተር ፔትል የሚባል ሰው እንዳልነበረ፣ መሰላሉን ይዞ የቆመውም ራሱ ጸሐፊው መሆኑን አስረዳ።

ባልዲው ውስጥ አሥራ አንድ ጠብታ ወደቀ።

አቶ ክሬብስ፣ «ቢሆንም አያቴ ጠጥተውታል» አሉ። አቶ ስታምፐር፣ «የጠፋው መሰላሌ!» ብለው ከተነሡ በኋላ ግድግዳው ነገውኑ እንዲታጠብ ጠየቁ።

በዚህ ጊዜ አቶ ሊንድኲስት ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ደንቡ ቅርስ ለመባል ሃምሳ ዓመት አይደል የሚለው፣ ቨርና? ሳይሞላው ቅርስ ነው፣ አይደለም ማለት አንችልም። እስኪሞላው ማን ይነካዋል? አንተም ታገሥ ኦርቪል፤ ሰባ ሦስት ዓመት ስታረጅ ማን አጠበህ?» አሉ።

ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ጉዳዩ ሃምሳ ዓመቱ በሚሞላበት በጁላይ 2066 እንዲታይ፤ እስከዚያ ማንም ግድግዳውን እንዳይነካ፤ የሠዓሊውም ስም ከዛሬ ጀምሮ በመዝገብ እንዲሰፍር፦ ሩበን ሃስኬት። አቶ ስታምፐር መሰላላቸው እስኪመለስ ድረስ በከፊል ደግፈዋል።

ጸሐፊው ያኔ ስድሳ ሦስት ዓመቱ እንደሚሆን ጠቅሶ፣ እንደሚገኝ አረጋገጠ። ባልዲው ስለሞላ ስብሰባው ከቀኑ 11፡40 ተበተነ።