ሠርግ ያስቆመ የጄኔቲክስ ትምህርት

መምህር ሆናችሁ የምታውቁ ከሆነ የሙያችንን ዋና እሮሮ አትስቱትም፤ ተማሪ አይሰማም! አንተ ጉሮሮህ እስኪደርቅ ታስረዳለህ፣ እሱ ከጠረጴዛ ሥር ስልኩን ይዳብሳል። እኔም ስንት ዘመን እንዲህ ሳማርር ኖርኩ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ሰሙኝ። ምነው ባልሰሙኝ!

እንጅባራ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ያን ሳምንት የጀመርነው የሕዝብ ጄኔቲክስን ነበር፤ የአንድን ሰው ሳይሆን የአንድን ሕዝብ ዘረመል፣ ከትውልድ ትውልድ እንዴት እንደሚተላለፍ የሚያጠናውን ማለቴ ነው። እንዳያንቀላፉብኝ ብዬ አያቶቻቸውን አስቆጠርኳቸው። ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት... እንዲህ በእጥፍ እየቆጠርን ሠላሳ ትውልድ ወደ ኋላ ስንሄድ ቁጥሩ ከቢሊዮን አለፈ።

"ይህ ሁሉ ሰው እዚህ አዊ አገር ላይ የት ቆሞ ነበር?" ስላቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ ያው አንዱ አያት በሐረጋችን ውስጥ ብዙ ቦታ ይመላለሳል። "ስለዚህ ራቅ ብላችሁ ከቆጠራችሁ ሁላችሁም ዘመዳሞች ናችሁ" ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ ስልኬ ጮኸ። ትርንጎ ናት፤ ከፊት ወንበር የማትጠፋው የጥሊሊ ልጅ፣ የዳንግላውን ሙሉቀንን ልታገባ ሠርጓ ለሚቀጥለው እሑድ የተቆረጠ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ልቅሶዋ ግን አንድም ሳይቆራረጥ ይደርሰኛል።

"መምህር፣ ሠርጉ ቆመ! እርስዎ ያሉትን ለአባቴ ብነግረው፣ 'ዘመድሽ ከሆነማ አይሆንም' አለ።"

ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ በማይዳርበት አገር እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ ደረት መንፋት ምን ይባላል? ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ጥሊሊ በረርኩ።

አባትዬውን አያ ፈንታን በግማሽ በቆመው ዳስ ሥር ተክዘው አገኘኋቸው።

"ሁሉም ዘመድ ከሆነ ልጄን ለማን ልዳራት ነው? ለጃፓን?"

"አያ ፈንታ፣ ዝምድና እየተከፈለ ይሄዳል" አልኳቸው። "ከአባትዎ ግማሹን፣ ከአያትዎ ሩብ ገደማውን ይወርሳሉ። ወደ ላይ በራቁ ቁጥር ድርሻው እየሳሳ ይሄድና፣ ከአንዳንዱ የሩቅ አያትዎ ጭራሽ ምንም ላይደርስዎት ይችላል። የሚያሰጋው የቅርቡ ነው። የሥጋ ዘመዳሞች አንድ ዓይነት የተደበቀ ሕመም ተሸክመው ቢጋቡ ልጃቸው ላይ ሊወጣ ይችላል። ለመሆኑ ሰባት ቤት ቆጥረዋል?"

"እንዴታ! የትም አልተገናኙ።"

"በቃ! ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ የክፍል ጨዋታ ነው።"

ጣታቸውን እያጠፉ ሰባቱን ቤት እንደገና ቆጠሩ። ትርንጎ በሩን ተደግፋ ጥፍሯን ትበላለች።

"እንግዲያው ይደረግ!" አሉ። እልልታው ጣራውን ሊያነሣው ምንም አልቀረው። እፎይ ብዬ ልሰናበት ስነሣ አያ ፈንታ አተኩረው አዩኝ።

"እርስዎስ የማን ልጅ ነዎት?"

አባቴን ነገርኳቸው፤ አያቴንም፣ የጥርባ አገሩን ሰው። ቅድመ አያቴን ስጠራ ከመቀመጫቸው ዘለሉ።

"የአያቴ ወንድም ነውኮ!"

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ "እርስዎ" ቀረ። "አንተ ከይሲ! እዚህ እንጅባራ ተቀምጠህ ዘመድህን ሳትጠይቅ!" ብለው አንገቴን አንቀው ሳሙኝ።

በሠርጉ እሑድ፣ የሙሽሪት ወገን ሆኜ፣ ሙሽራውን በፈረስ ወጥተው ከሚቀበሉት ጋር ተሰለፍኩ። በዕድሜዬ ከባጃጅ ሌላ ተፈናጥጬ አላውቅም።

"አይዞህ፣ እኛ ዘንድ ግልቢያ በደም ነው!" አሉ አያ ፈንታ።

ግልቢያ በዘረመል አይወረስም ብዬ ላስረዳቸው አፌን ስከፍት ፈረሱ ተነሣ። ጋማውን በሁለት እጄ ጨምድጄ፣ የሚጨፍሩ ተማሪዎቼን አልፌ፣ አጃቢውን ሰንጥቄ፣ ከመኪና በመውረድ ላይ ባለው ሙሽራ አጠገብ እንደ ነፋስ ሽው አልኩ።

"ጋሼ፣ ወዴት ነው?" አለኝ ሙሉቀን።

"ፈረሱን ጠይቀው!"