ሦስት ብልቃጥ ለሦስት መቶ ዘጠና ፍየል

ሁለትና ሁለትን በጭንቅላቱ መደመር እየቻለ ኮምፒውተር ካልነገረው የማያምን ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ጭሮ ውስጥ እኚህ ሰው ጋሽ አብዱልቃዲር ይባላሉ። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በአንዲት የግል የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ላምና ፍየል ሲወጉ የኖሩ፣ የተከበሩ ባለሙያ ናቸው። ልጃቸው ሹክሪያ አሮጌ ላፕቶፗን የሰጠቻቸው ዕለት ግን የክሊኒኩ ሰላም አበቃ።

አብራቸው የምትሠራው ደስታነሽ ያቺን ቀን አትረሳትም። መድኃኒት እየደረደረች ሳለ "ደስታ! ነይ! ፍጠኚ!" ብለው ሲጮኹ ኮርማ የረገጣቸው መስሏት ሮጠች። ጋሼ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር ስክሪን ላይ ተተክለዋል።

"ሁለት ቁጥር ስጪኝ!"

"ሁለትና ሦስት።"

ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለጉ ነኩ። ስክሪኑ ላይ 5 ብቅ አለ።

"አየሽ? እኔ እኮ ነኝ የጻፍኩት!"

"ጋሼ፣ አምስት መሆኑን እኔም አውቃለሁ እኮ።"

"አንቺማ ታውቂያለሽ። አሁን እሱም አወቀ!"

ከዚያ ወዲያ ክቡር ሊቀ ስሌት (ማዕረጉን የሰጠቻቸው ደስታነሽ ናት) ያለ ላፕቶፕ አልታዩም። አንድ ነገር በተቆጠረ ቁጥር እጃቸውን ያነሱና "ቆይ፣ ማሽኑ ይንገረን!" ይላሉ። ስምንት ሳምቡሳ ለአራት ሰው ሲካፈል ማሽኑ እስኪናገር ሳምቡሳው ቀዘቀዘ። ወደ ሂርና ሲሄዱ ርቀቱን ለፍጥነቱ አካፍለው መድረሻ ሰዓቱን ለተሳፋሪው ሁሉ ሲያበስሩ፣ ሚኒባሱ ሂርና መናኸሪያ ቆሞ ሰው እያወረደ ነበር። የብዜት ነገርማ አይነሳ። አራትን በአምስት ለማባዛት በመሐላቸው የኮከብ ምልክት አድርገው ቢያዙት፣ ማሽኑ ኮከቡን "ሁሉንም" ብሎ ተርጉሞ ላፕቶፑ ውስጥ ያለውን የፋይል ስም በሙሉ፣ የሹክሪያን የሠርግ ፎቶዎች ሳይቀር ዘረገፈላቸው። ጋሼ ለአፍታ እንኳ አልደነገጡም። "ይኸው በዛልሽ!" አሉ።

ደስታነሽ ትስቃለች፤ አንዳንዴም ትበሽቃለች። ቢሆንም ቀስ በቀስ፣ ሳታውቀው፣ ራሷ መቁጠር ተወች።

ከሚኤሶ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ፍየል የሚፈጅ በሽታ መግባቱ ሲሰማ፣ ክሊኒኩ የአጎራባቹን መንደር ፍየሎች እንዲከትቡ ሁለቱን ላከ። ፍየሎቹ ሦስት መቶ ዘጠና ናቸው፤ አንድ ብልቃጥ ክትባት ለመቶ ይበቃል። ጋሼ ለዚሁ ሥራ አዲስ ስክሪፕት ጽፈዋል፤ ትእዛዞች በተራ ተደርድረው በአንድ ስም ሲጠሩ የሚሠሩበት ፋይል ነው። "ሦስት ጊዜ ፈትኜዋለሁ!" አሏት እየፈነደቁ። ማሽኑ ሦስት አለ። ጋሼ ሦስት ብልቃጥ በበረዶ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጡ፤ ደስታነሽ ከፍታ እንኳ አላየችም።

ረፋዱ ላይ ሦስተኛው ብልቃጥ አለቀ። ዘጠና ፍየል ተሰልፎ ቀርቷል። ከነሱም አሥራ ሰባቱ፣ መንደሩ ሁሉ "አዴ" እያለ በክብር የሚጠራቸው የአሮጊቷ የፋጤ ናቸው። ሌላ ሀብት የላቸውም።

"የኔ ፍየል ቀረ እንዴ?" አሉ አዴ ፋጤ፣ አንዷን ግልገል እንዳቀፉ።

ደስታነሽ ሣጥኑን አሁን ከፍታ አየች፤ ባዶ ነው። ጋሽ አብዱልቃዲር ኮፍያቸውን አውልቀው መሐል ላይ ቆሙና በኦሮምኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ተናገሩ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ክትባቱ ጭሮ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ሄጄ አመጣለሁ፤ አትበተኑብኝ።" ከዚያም ሣጥኑንና ላፕቶፑን አንግተው ወደ አስፋልቱ ሮጡ። እሳቸው ሲሮጡ ደስታነሽ አይታ አታውቅም።

ፀሐዩ በረታ። ፍየሎቹ ውኃ ጠምቷቸው ይጮሃሉ፤ ሰዎቹም መንጋቸውን ወደ ጉድጓዱ ለመንዳት ተነሱ። አንዴ ከተበተኑ የሚሰበስባቸው የለም።

"ሰውዬው ይመጣል?" አሉ አዴ ፋጤ።

"ይመጣሉ" አለች ደስታነሽ። እርግጠኛ መሆኗ ለራሷም ገረማት። ጀሪካን ለምና፣ ከወንዶቹ ጋር ውኃ አመላልሳ ፍየሎቹን እዚያው አጠጣች።

ከሦስት ሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና መንገድ ዳር ቆመ። ጋሼ ገና ከጋቢናው ሳይወርዱ መጮህ ጀመሩ።

"አገኘሁት! ደስታ፣ አገኘሁት!"

"ክትባቱን?"

"እሱማ ይኸው! ስህተቱን ነው የምልሽ! ማሽኑ ሲያካፍል ቀሪውን ይጥላል! ሦስት መቶ ዘጠናን ለመቶ ስትይው፣ ሦስት ይልና ዘጠናውን ሜዳ ላይ ይተዋል። እኔ ደግሞ የፈተንኩት በሁለት መቶ፣ በሦስት መቶና በአምስት መቶ ነው!" መርፌውን እያዘጋጁ እንኳ አላቆሙም። "መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከማካፈልሽ በፊት ዘጠና ዘጠኝ ደምሪበት! አራት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ለመቶ፣ አራት! አንዲት ፍየል ብትተርፍ እንኳ ብልቃጧን ታገኛለች!"

ዘጠናዎቹም ተከተቡ። አዴ ፋጤ የጋሼን እጅ ይዘው ረጅም ዱዓ አደረጉላቸው።

ወደ ጭሮ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ የክሊኒኩ ኃላፊ ኃይለሚካኤል ደወለ። ጋሼ ስልኩን አይተው ፊታቸው ጠቆረ። ደስታነሽ ከእጃቸው ወሰደችው።

"ማነው ሦስት ይበቃል ብሎ ያሰላው? ያ ላፕቶፕ ነው አይደል? ከነገ ጀምሮ..."

"ሁለታችን ነን" አለች። "እሳቸው አሰሉ፣ እኔ ሳልቆጥር ተሸከምኩ። ሁሉም ተከትበዋል። ላፕቶፑም ይቆያል፤ ከእንግዲህ አብረን ነው የምንፈትነው።"

ጋሽ አብዱልቃዲር ላፕቶፑን ከፍተው ያረሙትን ስክሪፕት ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

"ደስታ... ፍየል የሌለው መንደር ቢላክልንስ? ዘጠና ዘጠኝ ተደምሮበት በባዶ ሜዳ አንድ ብልቃጥ ያሸክመን ይሆን?"

ደስታነሽ መልሱን በጭንቅላቷ አልፈለገችም። ላፕቶፑን ጭኗ ላይ ሳበች፣ በሁለት ጣት ዜሮን ጻፈች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ የማስገቢያውን ቁልፍ ነካች።

"ዜሮ!" ብላ ጮኸች። "ጋሼ፣ ዜሮ አለ! ዜሮ!"

ተሳፋሪው ሁሉ ዘወር ብሎ አያት።