የጎደለችው የምላጭ ጫፍ

መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠርታችሁ ከሆነ አንድ ነገር ሳታስተውሉ አትቀሩም፤ ዕቃው ባነሰ ቁጥር ፊርማው ይበዛል። መኪና በአንድ ስልክ ጥሪ ተነሥታ ባሕር ዳር ስትሄድ አይቻለሁ፤ አንዲት የስቴፕለር ሽቦ ፓኬት ግን ከግምጃ ቤት እስክትወጣ ሦስት ሰው ታስጨንቃለች። ምክንያቱን አትጠይቁኝ። እኔ የተማርኩት መካኒካል ምሕንድስና ነው።

ስለ ፊርማ ካነሣን ደግሞ፣ ባትጠይቁኝም መናገሬ አይቀርም። ከስድስት ዓመት በፊት እንጅባራ ባለው መሥሪያ ቤታችን የኅትመት ቡድን መሪ ለመሆን ተወዳድሬ በነጥብ አንደኛ ወጣሁ። በሥራ ልምድ ወረቀቴ ላይ አንድ ፊርማ ጎድሏል ተባለና ቦታው ሁለተኛ ለወጣው ለአለምነህ ተሰጠ። እኔ የማሽን ኦፕሬተር ሆኜ ቀረሁ። በየዓመቱ አንድ የቅሬታ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ በየዓመቱም "ታይቷል" ተብሎ ፋይል ውስጥ ይገባል። ሌላው ሰው በሬ ያደልባል፣ እኔ ቅሬታ አደልባለሁ።

ማሽኔን ላስተዋውቃችሁ። እንደ ትልቅ ጠረጴዛ የተዘረጋች ናት። ስቲከሩን ከላይዋ ታነጥፋላችሁ፣ ምላጯ እየተመላለሰች ፊደሉን ትቆርጣለች። ጥበቡ ያለው ጥልቀቱ ላይ ነው፤ ምላጯ ስቲከሩን በጥሳ የጀርባ ወረቀቱን ሳትነካ መቆም አለባት። ያኔ ፊደሉ በጥፍር ሲነኩት እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ልቅቅ ብሎ ይነሣል። ምላጯ ቀጭን ናት፤ ጫፏ ከካርባይድ የተሠራ ነው። የካርባይድ ጥንካሬ ጉድ ነው፤ ሲከፋው ግን እንደ ብርጭቆ ቅንጥስ ይላል።

በዚያ ሰሞን የከተማው ባጃጅ ሁሉ የጎን ቁጥር እንዲለጥፍ ታዘዘ። ከዓርብ በኋላ ያለ ቁጥር መሥራት የለም። ማሽን ያለን ደግሞ እኛ ብቻ ነን። ሐሙስ ጠዋት፣ ሃያ ያህል ባጃጆች ሲቀሩኝ፣ አለምነህ በደጃፌ ሲያልፍ "እንደምን አደርክ" አለኝ። ሰላምታው ምንም ነውር የለበትም። እኔ ግን ስድስቱን ዓመት እያሰብኩ የጥልቀቱን ብሎን ከሚገባው በላይ አጠበቅሁት።

ቀጭ አለ። ጫፏ ሄደች።

ተራው የጌትነት ነበር፤ አንድ ባጃጅ ይዞ አምስት ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነው።

"ምን ሆነች ጋሼ?"

"ተሰበረች።"

"ሌላ የለም እንዴ? የቅዳሜው ገበያ ካመለጠኝ እኮ ቤት መግባት የለብኝም።"

ሌላማ አለ። አሥር አዳዲስ ምላጮች ግምጃ ቤት ተቀምጠዋል። ጠባቂያቸው አቶ ይስማው ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ከተማዋን ዛሬም በድሮ ስሟ ኮሶበር የሚሉ፣ አሮጌው ሳይመለስ አዲስ የማያወጡ ሰው። አሮጌዋን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ከአዲሷ ጎን አስተኟት።

"ይቺ ታጥራለች" አሉ።

"ጫፏ ተሰብሮ ነዋ አቶ ይስማው።"

"እሱንማ አየሁ። ጫፏን አምጣልኛ።"

"ከአሸዋ ቅንጣት የምታንስ ነገር ከየት ላምጣልዎት?"

"እኔ የተረከብኩት ሙሉ ምላጭ ነው ልጄ። ኦዲተር ሲመጣ ጎዶሎዋን አንተ ትሞላለህ?"

ተንበርክኬ እስከ አመሻሹ ፈለግሁ። ጌትነትም አብሮኝ ተንበረከከ። አንድ የተጣለ የሸሚዝ ቁልፍ አገኘን። የቀረው መንገድ ጫፏ መጥፋቷን የሚገልጽ ቃለ ጉባኤ ነበር፤ ጠያቂው እፈርማለሁ፣ ቡድን መሪው ያጸድቃል፣ አቶ ይስማው ያወጣሉ። ወረቀቱን ጽፌ ኪሴ ከተትኩና ስድስት ዓመት ምንም ነገር ለምኜው ወደማላውቀው ሰው ቢሮ ገባሁ።

አለምነህ ገና ሲያየኝ ተነሣ። "ጥሩ ሰዓት መጣህ። የእህቴ ሠርግ እሑድ ነው፣ ዳንግላ ልሄድ ነው። እስከ ሰኞ ውክልናውን ለአንተ ጽፌዋለሁ። ከአንተ የተሻለ የሚያውቀው የለም መቼም።"

ደብዳቤውን ሰጠኝ። ስሜ፣ ከስሜ ሥር "ተወካይ ቡድን መሪ"። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እያነበብኩ ወጣሁ። እያነበብኩ ቤቴ ገባሁ። የመጣሁበት ወረቀት ሳይፈረም ኪሴ ውስጥ መቅረቱን ያስታወስኩት በማግስቱ፣ ወንበሩ ላይ ተደላድዬ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ምን ቸገረኝ፣ አሁን ፈራሚው እኔ አይደለሁ? አሳምሬ ፈረምኩና ለአቶ ይስማው ወሰድኩላቸው።

"ጠያቂው አንተ፣ ፈቃጁም አንተ" አሉ ወረቀቱን ወደ ደረቴ እየመለሱ። "ሌባ ሲፈልግ እንዲህ ነው የሚያደርገው። አንተን ማለቴ አይደለም።"

ሕጋቸው ትክክል ነው። የሚያናድደውም እሱ ነው። ጌትነት በሩ ላይ ቆሟል። "ታዲያ ማን ይፈርም?" ሲለኝ ያ ወንበር ባለቤቱ ተቀምጦበት በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ይህን ሳስብ ራሴን ታዘብኩት።

ስልክ ሞከርኩ፣ ኔትወርክ የለም። ወረቀቱን እንደገና ጽፌ በጠያቂነት ብቻ ፈረምኩና ዳንግላ በሚኒባስ ወረድኩ። አለምነህ እጅጌውን ሰብስቦ የዳስ ምሰሶ እያስተከለ ነበር። ነገሩን ስነግረው ሳቀ።

"ስለ ጫፍ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣኸው?"

"ስለ ጌትነት ገበያ ነው።"

እስክሪብቶ ከኪሱ አወጣ። ዙሪያውን ቢያይ ጠረጴዛ የለም፣ የሠርጉ ዕቃ ገና አልመጣም። "ጎንበስ በልልኝ እስቲ" አለ። ጎነበስኩ። ወረቀቱን ጀርባዬ ላይ ዘርግቶ፣ ውክልናው ሳይጀምር የነበረውን የትናንቱን ቀን ጽፎ፣ ፈረመ። ፊርማው ረጅም ነው። እያንዳንዷን ኩርባ በሸሚዜ ላይ ቆጠርኳት። ቀና ስል ባዶ ሆድህን አትመለስ ብሎ ዳቦ አስያዘኝ።

ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት አዲሷ ምላጭ ማሽኗ ላይ ነበረች። ብሎኑን በእርጋታ አጠበቅሁ። የጌትነት ቁጥር ልቅቅ ብሎ ተነሣ፣ የጀርባ ወረቀቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። የሌሎቹንም እስኪመሽ ጨረስኩላቸው።

ጌትነት ቁጥሩን ባጃጁ ጎን ላይ በመዳፉ እያሸ ለጠፈና ዞር አለ። "አቶ አለምነህ ባይኖሩ ጉድ ሆኜ ነበር። ደግ አለቃ ነው ያላችሁ ጋሼ።"

"እውነትህን ነው" አልኩት።

ቃሏ አፌ ውስጥ ምን ስትሠራ እንደነበር አላውቅም። ማታ የዘንድሮውን የቅሬታ ደብዳቤ አወጣሁና ስለ አለምነህ የምትለዋን አንዷን አንቀጽ ሰረዝኩ። ሌሎቹ አራቱ እንዳሉ ናቸው። ስድስት ዓመት ያደለቡትን ነገር በአንድ ምላጭ ምክንያት አውጥቶ መጣል ይከብዳል፣ እናንተም ብትሆኑ አታደርጉትም።