የካፒቴኑን እንቅልፍ ማን ይጠብቅ?

ጠዋት ጠዋት አራብሳ ኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ላይ ፀሐይ ስሞቅ አውሮፕላን በላዬ ያልፋል። ጎረቤቶቼ ወዴት ይሄድ ይሆን ይላሉ። እኔ ደግሞ አብራሪው ተኝቶ ይሆን እላለሁ። አይ፣ ልታረም። ከመነሣቱ በፊት በቂ እንቅልፍ አግኝቶ ይሆን ማለቴ ነው።

ምን አገባህ ትሉኝ ይሆናል። ያገባኛል። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ።

በደርግ ዘመን ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቅ የቀበሌ ቤት እየኖርኩ አስተምር ነበር። በአጥር የሚዋሰነኝ ጎረቤቴ ካፒቴን ዘሪሁን ይባላል። አብራሪ ሲባል ጥቁር መነጽርና ሽቶ ትዝ የሚላችሁ ካላችሁ፣ እሱ የሚሸተው በግ በግ ነበር። የጭነት አውሮፕላን አብራሪ ነው፤ ወደ ዐረብ አገር የቁም በግ ያመላልሳል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የውኃ ጎማ ይዞ ጓሮው ውስጥ ቆሞ አየሁት። ጎመኑን የሚያጠጣ መስሎኝ ነበር። ለካ ዓይኑን ጨፍኖ የእኔን አጥር ነው የሚያጠጣው።

«ዘሪሁን፣ ምነው?» አልኩት።

«ተኝቼ ነው፣ ጋሼ።»

«ቆመህ?»

«ይቺ ምን አላት? ትናንት አየር ላይም ተኝቻለሁ።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ረዳትህስ ብለው፣ እሱማ ከእኔ ቀድሞ ነው የተኛው አለኝ።

«ታዲያ ማን ቀሰቀሳችሁ?»

«በጎቹ።»

አውሮፕላኑ አንዴ አቅጣጫ ከያዘ በራሱ የሚሄድበት መሣሪያ አለው። ሁለቱም እንደተኙ መታጠፊያቸውን አልፎ ቀጥ ብሎ ሄደ። ነፋስ ሲያናውጠው በጎቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። ካፒቴኑ ብንን ብሎ ወደ ታች ቢያይ ከባሕር በቀር ምንም የለም። ይህን ሁሉ የነገረኝ የጎመን ዋጋ እንደሚያወራ ሰው ነው። እኔ እዚያው አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ማክሰኞ ደግሞ ተመልሶ ሊበር ነው።

የሥራ ውል የለህም ወይ አልኩት። አለኝ አለ። ከበረራ የተመለሰ አብራሪ ሙሉ ዕረፍት ሳያገኝ ለሌላ በረራ አይጠራም ይላል ውሉ፤ በግልጽ። ይህንኑ ለአለቃው ሲያሳየው አለቃው በትሕትና አነበበው አሉ። አንብቦም፣ ውሉ እንደተከበረ ነው፣ ለጊዜው ግን ዘመቻ ላይ ነን ብሎ መለሰለት። ያኔ ዘመቻ ያልሆነ ምን ነበር? መኸሩ ዘመቻ፣ ጽዳቱ ዘመቻ፣ በጉም ዘመቻ። ሥራውን እንዳይለቅ፣ ዘመቻ ጥሎ የሄደ ሰው አሻጥረኛ ይባላል። ቤቱ ገብቶ እንዳይተኛ፣ ቀበሌው ለስብሰባ ይጠራዋል። መሥሪያ ቤቱ እንቅልፍ የነሣው ቀበሌው ነው ይላል፤ ቀበሌው መሥሪያ ቤቱ ነው ይላል።

እኔ በቀበሌ ስብሰባ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ልታረም፤ ለማጽደቅ ሁልጊዜ አወጣለሁ፤ ለመናገር ነው ያላወጣሁት። በማግስቱ እሑድ ግን አወጣሁ። የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ።

ጠላ ሻጯ ወይዘሮ ስንዱ ተነሡ። «ይሄ ልጅ ሲነሣ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?»

«በእርስዎ ቆርቆሮ ላይ» አላቸው አንዱ ከኋላ።

«ወይ ጉዴ! እንግዲህ ከነበጉ ጋኔ ላይ ሊወርድልኝ ነዋ።»

ስለ ሰው ውል ደንታ ያልነበረው ቤት ሁሉ ስለ ጣሪያው ተንጫጫ። ጓድ ሊቀመንበሩ የካፒቴኑ ዕረፍት ከዛሬ ጀምሮ የሰፊው ሕዝብ ጉዳይ ነው ብለው በሙሉ ድምፅ አስወሰኑ። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ተመደበ።

ውሉ ተከበረ ብዬ ደስ አለኝ። ቸኩዬ ነበር። ጥበቃው ኃላፊነቱን አክብዶ የያዘ ሰው ነው፤ በየጊዜው በሩን ያንኳኳል።

«ካፒቴን፣ ተኝተዋል?»

«ተኝቻለሁ።»

«ይቀጥሉ።»

የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሲመጣ ደግሞ ሾፌሩ ዘመቻ ነው ይላል፤ ጥበቃውም ዘመቻ ከሆነማ ብሎ በሩን ይከፍታል። ካፒቴኑ ከበፊቱ ብሶበት ዓይኑ ቲማቲም መሰለ። እኔ ነኝ ያንን ጥበቃ ያመጣሁበት፤ ፊቱን ማየት አፈርኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ዕረፍቱ ያስገኘውን ውጤት ለመገምገም ስብሰባ ተጠራ። ጉዳዩ የእሱ ነውና ካፒቴኑ ከአልጋው ተነሥቶ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ፣ ከወይዘሮ ስንዱ አጠገብ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ «የወቅቱን ዓለም አቀፍ ሁኔታ ስንመለከት» ብለው ከመጀመራቸው ጭንቅላቱ ወይዘሮ ስንዱ ትከሻ ላይ ወደቀ። እሳቸውም ነጠላቸውን አለበሱት።

ይኼኔ ሾፌሩ ከች አለ። ካፒቴኑ በአስቸኳይ ይፈለጋል፣ በጎቹ ተጭነዋል አለ።

«ስብሰባ ላይ ነው» አሉት ሊቀመንበሩ።

«ተኝቷል እኮ።»

«ተኝቶም ቢሆን ስብሰባ ላይ ነው።»

ሾፌሩ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። በዚያ ዘመን ሰውን ከአልጋው ማንሣት ቀላል ነበር። ከስብሰባ የሚያነሣ ግን ማን ደፋር? አለቃው ቢመጣም አይሞክረው። ነገሩ ለሁላችንም በአንድ ጊዜ ገባን፤ ስብሰባው እስካላለቀ ድረስ ውሉ ተከብሯል ማለት ነው። አጀንዳው አለቀ፤ ልዩ ልዩ የሚባለው ተከፈተ። ስለ ቦይ ተነሣ፣ ስለ ውሻ ተነሣ። ሁሉም የሚናገረው በሹክሹክታ ነው። አመሻሽ ላይ የመዝጊያው መፈክር ደረሰ። ተነሣን፣ ግራ እጃችንን ወደ ላይ ዘረጋን፣ ሊቀመንበሩም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «ኢምፔሪያሊዝም» አሉ በቀስታ። እኛም ትንፋሻችንን ውጠን «ይውደም» አልን። ካፒቴኑ አንዴ ብቻ ተገላበጠ።

ከዚያ በኋላ ዘሪሁን ከስብሰባ ቀርቶ አያውቅም። ትራሱን ይዞ ይመጣል። እሱ በጎቹን ሲቀሰቅስ እንጂ በጎቹ ሲቀሰቅሱት አልሰማንም። ልታረም፤ ተመስገን፣ በጎቹ ዳግመኛ የሚቀሰቅሱት አብራሪ አላገኙም ለማለት ነው። እኔም ስብሰባ ጊዜ ማባከን ነው እያልኩ በሆዴ ያማሁትን ሁሉ አነሣሁ።

በዓመቱ መጨረሻ ካፒቴኑ አርአያ ተሰብሳቢ ተብሎ ተሸለመ። እንዳይቀሰቀስ ስለተከለከለ ሽልማቱን የተቀበልኩለት እኔ ነኝ። ወደ ወንበሬ ስመለስ ግን አፌን ሳልይዝ አዛጋሁ፤ ለስብሰባ ክብር የለህም ተብዬ በሕዝብ ፊት፣ በሹክሹክታ፣ ተገሠጽኩ።

ይህን እንኳ አላርመውም።