የዋልት መርዶ

ሰው መሞቱን በስልክ የሚናገር ሐበሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። መጀመሪያ "ትንሽ አሞታል" ነው። ቀጥሎ "ጠንከር ብሎበታል"። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ። ፊታቸውን ስታዩ የቀረው ይገባችኋል።

እኔ ይህን ወግ አሜሪካዊ ላይ ሞከርኩት።

እዚህ አሜሪካ፣ ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ እትዬ አስቴር ቤታቸው ስድስት አረጋውያን በክፍያ ይጦራሉ። እኔ እዚያ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ፣ አጥባለሁ። ትምህርቱን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት። እዚሁ አጠገብ ባሉት ከተሞች፣ ቱክዊላ መጋዘን ሠርቻለሁ፣ ኬንት ጭነት አውርጃለሁ፤ የትም ሦስት ወር አልሞላሁም። እግሬ አይረጋም።

ከስድስቱ አንዱ ዋልት ነው። አንቱ የማልለው በእንግሊዝኛ ስለተዋወቅን ነው እንጂ ዘጠና አልፎታል። በፈረንጆቹ ሃምሳዎቹ ዓመታት የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነበር። ኳስ በእጅ ይዞ መሮጥ ምኑ ነው እግር ኳስ አልኩት። አንተስ ስልክ እየነካካህ ሠራተኛ ትባል የለ አለኝ። ተዋደድን።

ሚስቱ ሞታለች፣ ልጅ የለውም። የቀረው ሰው ኧርል ነበር፣ የድሮ የቡድን ጓደኛው። ያኔ ኧርል ከፊት እየሮጠ ሰው በትከሻው ይጥላል፤ ዋልት ኳሷን ይዞ በተከፈተው ያልፋል። እሑድ እሑድ አስር ሰዓት ላይ ኧርል ይደውልና ስለ አንድ የድሮ ጨዋታ ይጨቃጨቁ ነበር። ዋልት የግቡን መስመር አልፎ ነበር፣ አላለፈም ነበር። ከስልሳ ዓመት በላይ!

አንድ ዓርብ የኧርል ልጅ በቤቱ ስልክ ደወለች። አባቴ ዐርፏል፣ ለዋልት ንገርልኝ አለች። ኦኬ አልኩ። ምን ኦኬ አለ? ሰውየው ሾርባ እየጠጣ ነው። ሾርባ ለያዘ ሰው መርዶ ይነገራል እንዴ?

እሑድ ደረሰ። አስር ሰዓት ሆነ። ዋልት ስልኩን አየ፣ እኔን አየ። ኧርል ልጁ ጋ ገጠር ሄዷል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም አልኩት። ስልኩን ገፋ አደረገው። አሳዘነኝና ወንበር ስቤ፣ እስቲ ያንን ጨዋታ ንገረኝ አልኩት።

እንዲህ ሆኖ ሰባት እሑድ አለፈ። ሁሉን ነገረኝ። የያኔው የራስ ቁር የፊት መከላከያ አልነበረውም፤ አፍንጫው ሦስት ጊዜ ተሰብሯል፤ አንዱን ኧርል በጣቱ አቃንቶለት ጨዋታው ቀጥሏል። ጨዋታ በሌለባቸው ወራት እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ይሠራ ነበር። መጫወት በጀመረ በአምስተኛው ዓመት ጭቃ ላይ ጉልበቱ ዞረ። በቃ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። ሆስፒታል መጥቶ የጠየቀው ኧርል ብቻ ነው። ከዚያ ጎማ ሲሸጥ ኖረ፤ ገዢዎቹ ማን እንደነበር አያውቁም።

እግሬ የማይረጋው እኔ ሰባት እሑድ ተቀመጥኩ። ምን ልደብቃችሁ፣ ለእኔም የሚደውል የለም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። እትዬ አስቴር ደረሱበት። መርዶውን ሳይሰማ ቢሞት በነፍሱ ትጠየቃለህ አሉኝ። ከኬንት ጋሽ ተክሌን ጠሩ፤ በእድራቸው መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ።

ዋልት ዓይኑን ሲገልጥ እጃቸውን አጣምረው የቆሙ ሦስት የማያውቃቸው ሰዎች። ትክ ብሎ አያቸው። ሞቼ ነው እንዴ ሲል ጠየቀኝ። ገና ነህ አልኩት።

ጋሽ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ሰው አላፊ ነው፣ ሰው ሣር ነው። ኧርል ጋ ለመድረስ ገና ብዙ መንገድ ነበራቸው። ዋልት እጁን አነሳ።

"ስለ ኧርል ነው?"

"አዎ" አልኩ።

"የቀብሩን ካርድ ልጁ በፖስታ ልካልኛለች፣ እሱ መደወል ባቆመ በሳምንቱ። ከቁርሴ ጋር ያመጣህልኝ አንተ ነህ።"

አፈርኩ። ታዲያ ያን ሁሉ እሑድ ኔትወርክ የለም እያልኩ ስቀባጥር ለምን ዝም አልከኝ አልኩት።

"ከነገርኩህ ወንበሩን መልሰህ ትሄዳለህ ብዬ ነዋ።"

ጋሽ ተክሌ ምን አለ አሉኝ። በጣም አዝኗል አልኳቸው። እንግዲያው ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም ብለው ካፖርታቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ሁለቱም ተከተሉ። ዋልት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ እነዚህ ሰዎች የሚሄዱት መቼ ነው አለኝ። በእኛ ወግ ሦስት ቀን ነው አልኩት።

"ሦስት ብቻ?" አለኝ።