ሲስተር ጎማዬን ሲያክሙ

በየሕንፃው ጡረታ ወጥቶ ሥራ ያልለቀቀ አንድ ሰው አይጠፋም። ጡረተኛው ዳኛ በልጆች የኳስ ጠብ ላይ ይፈርዳል። ጡረተኛው አስተማሪ ሊፍት ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ በቀይ እስክሪብቶ ያርማል። ለእኛ ሕንፃ የደረሱን ሲስተር ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት አገልግለው፣ የግድግዳ ሰዓት ተሸልመው ተሰናበቱ፤ በማግስቱ የደም ግፊት መለኪያቸውን አንግተው ደረጃው ላይ ቆሙ።

ማንም አያመልጣቸውም። የውሃ ቆጣሪ የሚያነበውን ሰውዬ ለክተዋል። ቤት ሊከራይ የመጣን እንግዳ ገና ክፍሎቹን ሳያይ አስቀምጠው ለክተውታል። «ቁጥር ይሉኝታ አያውቅም» ይላሉ ክንድ እየጠቀለሉ። እኔም ብሆን ጫማዬን በእጄ ይዤ በራቸውን በእግር ጣቴ ያለፍኩበት ቀን ብዙ ነው።

ከዚያ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። በሦስተኛው ሳምንት የጎማ ንፋስ መጉደሉን የሚናገረው ቢጫ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ቦግ አለ። ጊዜው ክፉ ነበር። በመጪው ቅዳሜ እናቴን ዓይኗን ከታከመችበት ከተማ ማምጣት አለብኝ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ከዚያ እስከ ቤቴ ቻርጅ ማድረጊያ የለም። ንፋስ የጎደለው ጎማ ደግሞ ባትሪ ይበላል። ሁሉ ነገር ደህና ሆኖ እንኳ የምደርሰው ለጥቂት ነው።

የሰፈራችን ጎሚስታ ጎማውን በጫማው ጫፍ መታ መታ አድርጎ «ብርድ ነው» አለ። አራቱንም በንፋስ መለኪያው ሠላሳ ሁለት ሞልቶ ሸኘኝ። በማግስቱ መብራቱ ተመልሶ መጣ፤ እኔም ተመለስኩ። አሁንም ብርድ ነው ተባለ፣ አሁንም ሠላሳ ሁለት ተሞላ። በሦስተኛው ቀን መብራቱ ላይ ፕላስተር ለጥፍበትና ተገላገል ብሎ መከረኝ።

ፕላስተር ፍለጋ ያንኳኳሁት ደግሞ የሲስተርን በር ነው። የቱ ጋ እንደቆሰልኩ ጠየቁኝ። ነገሩን ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ትኩሳት የያዘውን ልጅ ቴርሞሜትሩን ደብቀህ ነው የምታድነው?» አሉና ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ወረዱ።

የሹፌሩን በር ከፍተው፣ መቃኑ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት አነበቡ። እኔ መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ ዓይኔም አላረፈባትም። «የታዘዘው አርባ ሁለት ነው» አሉ። «ሠላሳ ሁለት የሰጠው ማነው?» የመኪናዋን መመሪያ ስናገላብጥ ምክንያቱን አገኘነው፤ ባትሪው ከባድ ስለሆነ ጎማዎቿ ከሌላ ትንሽ መኪና የበለጠ ንፋስ ይፈልጋሉ።

ወዲያው ልሙላ ስል ከለከሉኝ። ጎሚስታው የሚለካው መኪናዋ ሮጣ እንደቆመች፣ ጎማው ግሎ ንፋሱ በዝቶ በሚታይበት ሰዓት ነበር፤ ሲስተር ግን ደረጃ ወጥቶ የሚያለከልክን ሰው ሳያርፍ ለክተው አያውቁም። መኪናዋ አድራ፣ ጠዋት በትንሿ ፓምፔ አራቱንም አርባ ሁለት ሞላን። ከዚያ በኋላ ማለዳ ማለዳ፣ መኪናዋ ሳትነቃነቅ፣ ሲስተር በጋዋናቸው ጎማው ሥር ቁጢጥ ብለው ይለካሉ፤ እንደ ታካሚ ካርድ ባሰመሩት ወረቀት ላይ ይመዘግባሉ። ሦስቱ ጎማዎች አርባ ሁለት ላይ ቀጥ አሉ። የኋላ ቀኙ ግን ሠላሳ ዘጠኝ፣ ከዚያ ሠላሳ ስድስት።

ዓርብ ዕለት ወረቀቱን ይዘን ጎሚስታው ዘንድ ሄድን። ሌሎች ደንበኞች ቆመው ይሰማሉ። እሱም ሃያ ዓመት ጎማ ሲፈታ እንደኖረ አስታውሶ ብርዱን ደገመው።

«ብርድ ቢሆን አራቱም ይበርዳቸው ነበር» አሉ ሲስተር።

ከደንበኞቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሲስተር ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ አስመጡና ጎማው ላይ ዙሪያውን አፈሰሱ። ምንም የለም። ጎሚስታው እጁን አጣጥፎ ፈገግ አለ፤ እኔ ወደ መሬት አቀረቀርኩ። ሲስተር የቀረችውን የሳሙና ውሃ ጭላጭ፣ ንፋስ በሚገባባት ቫልቭ አፍ ላይ ጠብ አደረጓት። ትንሽ አረፋ ተነፋች። ፈነዳች። ሌላ ተተካች።

ጎሚስታው ኮፍያውን አወለቀ። «ሲስተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ቫልቩን ቀየረ። ከዚያም ሲስተር ባዘዙት መሠረት፣ መኪናዋ አርፋ እስክትቀዘቅዝ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ጠብቆ አርባ ሁለት ሞላ።

ቅዳሜ ስሄድም ስመለስም መብራቱ አልበራም። እናቴን ይዤ ግቢ ስገባ ባትሪው ላይ አሥራ አንድ በመቶ ቀርቶ ነበር። ጥሩምባውን እየነፋሁ ነው የገባሁት፤ ጎረቤት ሁሉ በረንዳ ላይ ወጣ። ቁጥሩን ጎል እንዳገባ ሰው ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ሲስተር ግን ለጭብጨባው ጊዜ አልነበራቸውም፤ እናቴን ደግፈው አስገብተው ክንዷን ይጠቀልሉ ነበር።

አሁን ጎሚስታው ራሱ በር ከፍቶ ወረቀቷን ሳያነብ ንፋስ አይሞላም። እኔም በሲስተር ደጃፍ ጫማዬን አድርጌ አልፋለሁ። ትናንት ጠዋት መስኮታቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አየኋቸውና የፊት ግራው ጎማ የደከመ መሰለኝ አልኳቸው። ውሸቴን ነው። ነግሬ ሳልጨርስ ወርደው ለኩት።

«አርባ ሁለት» አሉ። ቀና ብለው ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ወረቀታቸው ላይ ጻፉና «ለማንኛውም ነገም እናየዋለን» አሉ።